ዶስን የምታስነሳ ፍሎፒ

ሃርድ ዲስኩ ባዶ የሆነ አሮጌ ኮምፒውተር ሲበራ ሜሞሪውን ይቆጥራል፣ ኪቦርዱን ይፈትሻል፣ ቀጥሎ ወደ ፍሎፒ ድራይቩ ይዞራል። እዚያ የሚፈልገው አንዲት ሴክተር ብቻ ናት፤ 512 ባይት። በአብዛኞቹ ማሽኖች የሴክተሯ የመጨረሻ ሁለት ባይቶች 85 እና 170 ሆነው ከተገኙ የማሽኑ ነባር ፕሮግራም የሆነው ባዮስ ይዘቷን ወደ ሜሞሪ ጭኖ ሥራውን ያስረክባታል። እሷም አይኦ ሲስና ኤምኤስ ዶስ ሲስ የተባሉትን ሁለት ስውር ፋይሎች ፈልጋ ታነሳለች፤ ከእነሱ በኋላ ኮማንድ ኮም ይመጣል፤ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ትእዛዝ የሚጠብቀው ጠቋሚ ብልጭ ድርግም ይላል። በዶስ 6.22 ሦስቱ ፋይሎች ተደምረው 134 ሺህ ባይት አይሞሉም። ትንሽ እርሾ ቡሖውን ሁሉ እንደሚያነሳው፣ ምንም የማያውቀውን ማሽን ሥራ የሚያስጀምሩት እነዚህ ናቸው።

ይህን ሙያ ዛሬም ማወቅ የሚያስፈልገው ስለ አማርኛ ጽሑፍ ሲባል ነው። ዶስ በአንድ ጊዜ የሚያውቀው 256 ምልክት ነው። የእኛ 33 ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ወደ 300 ይጠጋሉ፤ ላቲኑ ሲታከል ደግሞ ያልፋሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠሪ የራሱን መላ ፈጠረ። በሰሜን ተራሮች ታላቁ ጫፍ ስም የሚጠራው፣ አቶ ፍስሐ አጥላው አሜሪካ ውስጥ ያቋቋሙት ዳሸን ኢንጂነሪንግ አንድ መንገድ ያዘ። ዶክተር አበራ ሞላ ሞድኢትን ሠሩ። አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን አጋፋሪን አወጣ። ሁሉም የሚደነቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የአንዱን ፋይል ሌላው አያነበውም፤ እዚህ «ሀ» የሆነው ቁጥር እዚያ ሌላ ፊደል ነው። ዩኒኮድ 3.0 እ.ኤ.አ. በ1999 ወጥቶ ለ345 የግዕዝ ምልክቶች ቋሚ ቁጥር እስኪሰጥ ድረስ ነገሩ እንዲሁ ነበር።

ጎንደር፣ ዳባት ወይም ደባርቅ ባለ መሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ የዚያን ዘመን ፍሎፒ ያገኘ ሰው ታዲያ ችግሩ ድርብርብ ነው። ሰነዱ ያለ ፕሮግራሙ አይነበብም፤ ፕሮግራሙ ያለ ዶስ አይሠራም፤ ዶስም ባዶ ማሽን ላይ ያለ ማስነሻ ፍሎፒ አይነሳም። ቃለ ጉባኤም ሆነ ማተሚያ ቤት ያልደረሰ ድርሰት፣ መንገዱ በዚህች አራት ማዕዘን ፕላስቲክ በኩል ነው።

ማስነሻዋን የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚሳሳተው ፋይሎቹን በኮፒ ትእዛዝ መገልበጥ ይበቃል ብሎ ነው። አይበቃም። የመጀመሪያዋ ሴክተር ፋይል ስላልሆነች ኮፒ አያያትም፤ የቀድሞዎቹ የዶስ ዓይነቶች ደግሞ ሁለቱ ስውር ፋይሎች በዝርዝሩ ራስ ላይ፣ በተርታ እንዲቀመጡ ግድ ይላሉ። ዶስ ባለበት ማሽን ላይ ፎርማት ብሎ የድራይቩን ፊደል «ኤ»ን ጽፎ ስላሽ ኤስ ማከል ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይፈጽማል፤ ቀድሞ ፎርማት ለተደረገች ፍሎፒ ሲስ የሚባለው ትእዛዝ አለ።

ፎርማት ማድረግ ዲስኩን መከለል ነው። በተለመደችው ሦስት ተኩል ኢንች ፍሎፒ በእያንዳንዱ ገጽ 80 ክብ መስመር፣ በየመስመሩ 18 ሴክተር፤ በሁለቱ ገጽ 2,880 ሴክተር ይሆናል፤ በ512 ሲባዛ 1,474,560 ባይት። ከእነዚህ ውስጥ 33ቱ ሴክተሮች ለዲስኩ የራሱ መዝገብ ይውላሉ፤ አንዷ ማስነሻ፣ 18ቱ የፋይል አድራሻ ሠንጠረዥ (ሁለት ቅጂ ነው፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲኖር)፣ 14ቱ የፋይል ስም ዝርዝር። የተረፈው ለእኛ ነው። ከሦስቱ ፋይሎች ጎን ኤፍዲስክን፣ ፎርማትን እና ሲስን ማስቀመጥ አይረሳ። ኤፍዲስክ ሃርድ ዲስኩን ይከፍላል፤ አንዱ ክፍል ከ2 ጊጋባይት እንዳይበልጥ። ፎርማት ያሰናዳዋል፤ ሲስ ዶስን ያሻግራል። የማይክሮሶፍቱ ዶስ 6.22 በሦስት ፍሎፒ ሲመጣ ይህንኑ ሥራ ጫኚው ፕሮግራም ይሠራው ነበር።

ደጋ ላይ የሚኖር ሰው ስለ ፍሎፒ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሃርድ ዲስክ ውስጥ አንባቢው ጭንቅላት ዲስኩን አይነካም፤ በሚሽከረከረው ዲስክ በሚገፋ ስስ አየር ላይ ይንሳፈፋል። አየሩ ሲሳሳ ጭንቅላቱ ወደ ታች ይቀርባል፤ በዚህ ምክንያት ብዙ አምራቾች ከ3,000 ሜትር ገደማ በላይ አትጠቀሙበት ይላሉ። ጎንደር ከተማ ከ2,100 ሜትር ትንሽ ከፍ ብላ ስለምትገኝ አያሰጋትም። ደባርቅ ግን ወደ ጣሪያው ትጠጋለች፤ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ያለው የጨነቅ ካምፕ ከ3,600 ሜትር በላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ይሆናል። የፍሎፒ ጭንቅላት ዲስኩን በቀጥታ እየነካ በደቂቃ 300 ጊዜ በምትዞር ዲስክ ላይ ስለሚያነብ ከፍታው አያሳስበውም። ሃርድ ዲስክ የማይፈልግ፣ ከፍሎፒ ብቻ ተነስቶ የሚሠራ ዶስ ለተራራ አገር የሚስማማ ነገር እንደሆነ አምናለሁ።

ያው መነካካት ግን ዋጋ አለው። የበጋው አቧራ ጭንቅላቱና ዲስኩ መካከል ሲገባ መስመሩን ይፍቃል። ከዚያ የሚብሰው የክረምቱ እርጥበት ነው፤ ሐምሌና ነሐሴን ጥግ ላይ ያሳለፈች ፍሎፒ ሻጋታ ታበቅላለች። ስለዚህ አሮጌ ፍሎፒ ከመክተት በፊት የብረት መዝጊያዋን ገፋ አድርጎ፣ ከጀርባዋ ያለውን ክብ ብረት በጣት እያዞሩ ፊቷን መመልከት ያስፈልጋል። ነጭ ነጠብጣብ ካለ አይከተት፤ ዲስኳም ታልቃለች፣ ጭንቅላቱም ቆሽሾ ቀጣይዋን ያበላሻል።

ሌላው ጠላት ቫይረስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ከፓኪስታን ላሆር የወጣው ብሬይን መኖሪያው ያቺው የመጀመሪያዋ ሴክተር ነበረች። የማስነሻ ፋይል የሌላት ፍሎፒ ድራይቩ ውስጥ ተረስታ ኮምፒውተሩ ሲበራ «ሲስተም የለባትም» የሚል መልእክት ይመጣል፤ ያን ጊዜ ግን ሴክተሯ ውስጥ ያለው ቫይረስ ሥራውን ጨርሷል። መከላከያዋ ጥግ ላይ ያለችው ተንሸራታች ናት፤ ቀዳዳው ክፍት ሲሆን መጻፍ አይቻልም። የማስነሻ ፍሎፒ ቀዳዳ ሁልጊዜ ክፍት ይሁን።

ዛሬ ለሚጀምር ሰው የሚቀለው በፍሪዶስ መጀመር ነው። ጂም ሆል እ.ኤ.አ. በ1994 የጀመረው፣ በነጻ የሚገኝ ዶስ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው 1.3 ለፍሎፒ የተዘጋጀ ቅጂ አለው። የፍሎፒውን ምስል የያዘው ፋይል በሊኑክስ ዲዲ በሚባል ትእዛዝ፣ በዶስ ደግሞ በሮራይት ወደ ዲስክ ይገባል፤ በዩኤስቢ የሚሰካ ፍሎፒ ድራይቭ ለሦስት ተኩል ኢንቹ ይበቃል። አምስት ሩብ ኢንቿ ግን የራሷን ድራይቭ ትፈልጋለች።

በተገላቢጦሽም ይሠራል፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝም ይኸኛው ነው። የተገኘችው ፍሎፒ ከማንኛውም ሙከራ በፊት ሙሉ ምስሏ ይወሰድ፤ ፋይሎቿን ብቻ መገልበጥ የተደመሰሰውንና የማስነሻዋን ሴክተር ያስቀራል። የተለመደችው ሦስት ተኩል ኢንች ፍሎፒ ምስል በትክክል 1,474,560 ባይት ካልሆነ ንባቡ ተቋርጧል ማለት ነው፤ ይደገም። ደህና ከሆነ ዶስቦክስ በተባለው ፕሮግራም፣ ዲስክ ሳይነካ፣ ቡት በሚለው ትእዛዝ ሊነሳ ይችላል። ሰነዱ የተጻፈበት የአማርኛ ፕሮግራም ከተገኘም የእሱ ፍሎፒ ምስል ከሰነዱ ምስል ጋር በአንድ ማህደር ይቀመጥ፤ መለያው ላይ የፕሮግራሙ ስምና ዕትሙ፣ የሚነሳበት የዶስ ቁጥርም ይጻፍ።