የኮሶዬ አየር በኮምፒውተር ውስጥ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚጓዝ ሰው ኮሶዬ ሲደርስ ከመኪናው ወርዶ ገደሉ አፋፍ ላይ ይቆማል። ቀትር ላይ ነፋሱ ከእግር ሥር ይመጣል፤ ፀሐይ ያሞቀችው አየር ገደሉን ይዞ ሽቅብ ይወጣል። ጥንብ አንሳው ክንፉን ሳያርገበግብ የሚንሳፈፈው በዚሁ አየር ነው።

አየር በሚበር ነገር ላይ የሚያሳድረውን እንዲህ ያለ ኃይል ኮምፒውተር ላይ የሚያሳየው ሙያ የአየር ፍሰት ሲሙሌሽን ይባላል። ለምሳሌ ተማሪ በሠራው ሞዴል ሮኬት ዙሪያ ያለው ቦታ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ጥቃቅን ክፍሎች ይከፈልና በእያንዳንዱ ውስጥ የአየሩ ግፊትና ፍጥነት ይሰላል። ለዚህ ኦፕንፎም የተባለ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። ኮምፒውተሩ አቅም ለሚያንሰው ተማሪ ደግሞ ኦፕንሮኬት አለ፤ ፊንላንዳዊው ሳምፖ ኒስካነን ለማስተርስ ማሟያው የሠራው ሲሆን ፍሰቱን በዝርዝር ሳይከተል በቀመር ያሰላል፤ ተራ ላፕቶፕ ይበቃዋል።

ብዙ ጀማሪ የሮኬቱን አፍንጫ ሲያሾል ይውላል። ከድምፅ ፍጥነት በታች ለሚበር ሮኬት ለዘብ ብሎ የተሞረደ አፍንጫ ይበቃል፤ ድካሙ የክንፎቹን ጠርዝ ለማለስለስ ቢውል ይሻላል።

ትልቁ ጥፋት ግን ሌላ ነው፦ በፕሮግራሙ ውስጥ የማስወንጨፊያ ቦታውን ከፍታ የሚጠይቀውን ሳጥን ዜሮ ብሎ መተው! ፕሮግራሙ ያኔ ሮኬቱን ከባሕር ጠለል ያስነሳዋል፤ እዚያ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ደባርቅ ግን 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ 0.92 ኪሎ ግራም አካባቢ፣ ማለትም ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። ደባርቅ ላይ የባቄላ ንፍሮ የጣደች እናት ይህን በእጇ ታውቀዋለች፤ ውሃው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ባቄላው ይዘገያል።

ለሮኬቱ ይህ ጥቅምም ጉዳትም አለው። በእኩል ፍጥነት የአየሩ ተቃውሞ በሩብ ስለሚቀንስ ከተሰላው በላይ ይወጣል። ነገር ግን ክንፎቹ ሮኬቱን የሚያቀኑበት ኃይልም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከማስወንጨፊያው ዘንግ ሲለቅ የበለጠ ፍጥነት ያስፈልገዋል። ሮኬቱን የሚያወርደው ጃንጥላም ያሳስባል፤ በባሕር ጠለል በሴኮንድ 5 ሜትር የሚያወርደው ጃንጥላ ደባርቅ ላይ 5.8 ያህል ያወርዳል። የቀድሞውን ፍጥነት ለመመለስ ስፋቱ በሲሶ መጨመር አለበት።

በዚህ ላይ የኮሶዬ ነፋስ አለ። ፕሮግራሞቹ ብዙውን ጊዜ ነፋስን አግድም የሚነፍስ አድርገው ይወስዱታል፤ ገደል አፋፍ ላይ ግን ሽቅብ ይነፍሳል። ሮኬቱ ከአፋፉ ራቅ ብሎ፣ ሜዳ ላይ ይተኮስ። ፕሮግራሙን የሚከፍት የደባርቅ ተማሪም ሮኬቱን ከመሣሉ በፊት የከተማውን ከፍታና የዕለቱን ሙቀት ይሙላ።