ስለ ክርን ጅማት ሕመምና ስለሚያጠነክረው እንቅስቃሴ

በክርን ውጭ በኩል ለሚሰማው የጅማት ሕመም እንግሊዞች በ1883 (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) «የቴኒስ ክርን» የሚል ስም አወጡለት። ነገር ግን ከሚታመሙት ሰዎች አብዛኞቹ ቴኒስ ተጫዋቾች አይደሉም። እናቴም ከነዚሁ አንዷ ናት። የሰው ልብስ እያጠበች ስታሳድገን ኖራ፥ ባለፈው ዓመት ቀኝ ክርኗን ታመመችና ጀበና ማንሣት እንኳ አቃታት። የቤት ኪራያችንም የኛም ደብተር የሚገኘው ከዚያው ክንድ ነበር።

የሕመሙ ምክንያት ይህ ነው። እጃችንን ከአንጓው ወደ ላይ የሚያነሡት ጡንቻዎች ከክርን አጥንት ጋር የተያያዙት በጅማት ነው። ልብስ ስንጨምቅ ወይም መዶሻ ስንጨብጥ ጅማቱ ይወጠራል፤ ይህም ከአቅሙ በላይ ሲደጋገም ይጎዳል።

እናቴ በመጀመሪያ ክንዷን በሻሽ አንጠልጥላ ሁለት ሳምንት ዐረፈች። ሕመሙ ቀለል አለላት፤ ሥራ በጀመረች በ3ኛው ቀን ግን ተነሣባት። በኋላ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ዘንድ ብንሄድ፥ ዕረፍት ሕመሙን ያስታግሣል እንጂ ጅማቱን አያጠነክርም፤ የሚያጠነክረው በልክ የሆነ ሥራ ነው ተባልን። የታዘዘላትም የሚከተለው ነው።

1ኛ/ ክንድን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ፥ መዳፍን ወደ ታች አድርጎ፥ እጅን ከጠረጴዛው ጠርዝ ማሳለፍ። ከዚያም በደኅናው እጅ ከላይ እየተጫኑ፥ የታመመው እጅ ሳይነቃነቅ ወደ ላይ እንዲገፋ ማድረግ። ይህም 30 ሰከንድ፥ 5 ጊዜ።

2ኛ/ በዚያው አቀማመጥ ግማሽ ሊትር ውሃ የያዘ ጠርሙስ መጨበጥ፤ በደኅናው እጅ እየረዱ ማንሣት፤ ከዚያ ደኅናውን እጅ ለቅቆ፥ እስከ 4 እየቆጠሩ ቀስ ብሎ ማውረድ። ይህም 15 ጊዜ፥ በ3 ዙር።

3ኛ/ የተጠቀለለ ፎጣ ለ10 ሰከንድ መጨበጥ፥ 10 ጊዜ።

ጥቂት ሕመም ቢሰማ አያስፈራም። እስከ ማግስቱ ጠዋት ካልተወ ግን ሥራው በዝቷልና መቀነስ ይገባል። እጅ ቢደነዝዝ፥ ክርን ቢያብጥ ወይም አልዘረጋ ቢል ግን ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

እናቴ በየቀኑ እኔ እየቆጠርሁላት ሠራች። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደ ተባለው፥ በ6ኛው ሳምንት ጀበናውን አነሣች፤ በ3ኛው ወር ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እስከዚያ ድረስ ልብስ የምንጨምቀው እኔና ወንድሜ ነበርን። የሰፈር ልጆች ሳቅ በመጀመሪያ አሳፍሮኝ ነበር። ነገር ግን አንድ ብርድ ልብስ ጨምቄ ክንዴ ሲዝል፥ የእናቴን የስንት ዓመት ድካም ያን ጊዜ ተረዳሁት። ዛሬም መጭመቁ የኛ ድርሻ ነው።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፤ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ የሚጨመቅ ልብስ ካለ ከእናቶቻችሁ እጅ ተቀበሉ።