ስለ ኮሰረት መዓዛና ስለ ቅቤ አጠባበቅ

በአገራችን ገበያ ቅቤ በሦስት ስም ይሸጣል፤ ለጋ፣ መካከለኛና በሳል ይባላል። ለጋው በቅርብ የተናጠ ነው፤ በሳሉ ግን የሰነበተና ሽታው የከበደ ነው። በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ፣ ይልቁንም ከፍታዋ ወደ 1,000 ሜትር ዝቅ በሚለው በሞቃታማዋ መተሐራ፣ ለጋው ወደ በሳልነት ለመድረስ ብዙ ቀን አይፈጅበትም፤ ሙቀት የቅቤን መበላሸት ያፋጥናልና። እናቶቻችን ይህን ስላወቁ ቅቤን በኮሰረት፣ በኮረሪማ፣ በነጭ አዝሙድ፣ በጦስኝና በበሶብላ ያነጥራሉ። ይህ መልካም ልማድ በምን እንደሚጠቅም፣ በምንስ እንደሚያታልለን በዚህ ወር ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ እንወዳለን።

ቅቤ የሚበላሸው በሁለት ዋና መንገድ ነው። አንደኛው በውስጡ ባለው ውሃ ነው። ከ100 ግራም ጥሬ ቅቤ 16 ግራም ያህሉ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የሚበልጠው ውሃ ስለሆነ፣ ተሐዋስያን በዚህ ውሃና ከአሬራው በተረፈው ነገር ይራባሉ። ሁለተኛው በአየር ውስጥ ባለው ኦክሲጅን ነው። ኦክሲጅን የስቡን ሞለኪውል ይነካል፤ የተነካው ደግሞ ጎረቤቱን ይነካል፤ ጉዳቱም እንደ ሰደድ እሳት ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል።

ቅመሙ በተለይ የሚረዳን ይህን ሰደድ በመግታት ነው። ነጭ አዝሙድና ጦስኝ ቲሞል የሚባል ንጥረ ነገር አላቸው፤ በጦስኝ ውስጥ ካርቫክሮል የሚባለውም ይገኛል። ሁለቱም ከ10 ካርቦን፣ ከ14 ሃይድሮጅንና ከ1 ኦክሲጅን አተም የተሠሩ ሲሆኑ፣ ልዩነታቸው የኦክሲጅኑ መቀመጫ ብቻ ነው። እነዚህ ፊኖል ከሚባለው ወገን ናቸው። ፊኖል ከራሱ አንድ የሃይድሮጅን አተም ለተነካው ስብ ይሰጥና ሰደዱን ያቆመዋል። ሊቃውንት አንቲኦክሲዳንት የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

የኮሰረት ነገር ግን ለየት ይላል። በተናኝ ዘይቱ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሊናሉል ነው፤ መዓዛው ደስ ቢያሰኝም ፊኖል ስላልሆነ ሰደዱን የመግታት ኃይሉ ደካማ ነው። ጥበቃውን የሚያግዙት በቅጠሉ ውስጥ ያሉት የማይተኑና እምብዛም ሽታ የሌላቸው ፊኖሎች ናቸው። እንግዲህ መዓዛና ጥበቃ አንድ ነገር አይደሉም። እንዲያውም ቅቤ ሲነጠር ቤቱን የሚያውደው ሽታ ከድስቱ ወጥቶ የሄደ ዘይት ነው።

ይህን ተናኝ ዘይት ለብቻው ለማውጣት የሚያገለግለው ዘዴ ከአረቄ አወጣጥ ጋር ይመሳሰላል፤ እንፋሎት በቅጠሉ መካከል ያልፍና ቀዝቅዞ ሲጠራቀም ዘይቱ ከውሃው ይለያል። በሻሸመኔ አጠገብ የሚገኘው የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል እንዲህ ያሉትን መዓዛማ ዕፀዋት ያጠናል። ከ100 ግራም ደረቅ ቅጠል ብዙ ጊዜ የሚገኘው ዘይት ከ1 ወይም ከ2 ግራም አይበልጥም። ስለዚህ አንድ ጠብታ የብዙ ቅጠል ኃይል አለው። በጠርሙስ የሚሸጠውን ዘይት መጠጣት፣ ሳያቀጥኑም ቆዳ መቀባት አደገኛ ነው፤ ልጆች ከማይደርሱበት ይቀመጥ።

ከሁሉ የሚበልጠው ስሕተት ግን የሸተተ ቅቤን በቅመም ሸፍኖ ደኅና ነው ማለት ነው። ኮሰረት የተበላሸውን ስብ ወደ ለጋነት አይመልሰውም። ካልፈላ ወተት በተሠራ ጥሬ ቅቤ የብሩሴሎሲስና የከብት ነቀርሳ ተሐዋስያን ሊተላለፉ ይችላሉ፤ እነዚህን የሚገድላቸው የእሳቱ ሙቀት እንጂ የቅመሙ ሽታ አይደለም። ስለዚህ የሚከተለውን እንመክራለን፦

ቅቤው ሳይሸት ይነጠር። ቅመሙ ንጹሕና ደረቅ ይሁን፤ ቅቤው እየፈላ ሳለ ይግባ እንጂ ከወረደ በኋላ አይጨመር። የውሃው መንጫጫት ጸጥ እስኪል ድረስ በለዘብታ እሳት ይቆይ። በንጹሕ ጨርቅ ተጠልሎ፣ ደረቅና ክዳን ባለው ዕቃ፣ ብርሃንና ሙቀት በማይበዛበት ስፍራ ይቀመጥ። እርጥብ ማንኪያ አይግባበት።

መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው በቀላሉ ማሳየት ይችላሉ። ከአንድ ቅቤ ግማሹን በኮሰረት፣ ግማሹን ያለ ቅመም አንጥረው፣ በሁለት አንድ ዓይነት ጠርሙስ ከድነው ጎን ለጎን ያኑሩ። ተማሪዎች በየሳምንቱ ሽታውንና መልኩን ይመዝግቡ፤ ማንም ግን አይቅመሰው። የመዓዛውን ደስታና የቅቤውን ደኅንነት ለይቶ የሚመረምር ልጅ፣ ወደ ቤቱ ሲመለስ ለቤተ ሰቡ ጤና ጠባቂ ይሆናል።