ከበር እስከ ወንበር

አማን ውስጥ በየቤቱ እየዞርኩ ስትሮክ ግማሽ አካላቸውን የያዘባቸውን አረጋውያን አስታምማለሁ። ሾፌር የሌለው ታክሲ ሲመጣ የአካል ጉዳተኛ የመጓጓዣ ችግር ያበቃል የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል። እነዚህ ሰዎች አንድም ቀን ዊልቸር ገፍተው የሚያውቁ አይመስለኝም።

አማን የኮረብታ ከተማ ናት። ከመሀል ከተማው፣ ከበለድ፣ ወደ ጀበል አማንና ወደ ጀበል ዌይብዴ የሚያወጡት አቋራጮች ብዙዎቹ ደረጃ ናቸው። የእግረኛ መንገዱ ላይ በየቦታው ዛፍ ተተክሎበታል፤ ስለዚህ አስፋልቱ ላይ ወርጄ ከመኪና ጋር እየተጋፋሁ እገፋለሁ። ዊልቸሩን አይቶ ሳይቆም የሚያልፍ ባለ ታክሲም አይጠፋም።

የቆመልንም ቢሆን መኪናው ተራ የቤት መኪና ነው። ፍሬኑን በሁለቱም በኩል እቆልፋለሁ፤ የእግር ማሳረፊያውን አነሳለሁ፤ ከማስታምማቸው አንዷ የሆኑት የሃጃ ጤነኛ ጎን ወደ መኪናው እንዲሆን ዊልቸሩን አስጠጋለሁ። ጉልበታቸውን በጉልበቴ ደግፌ ወደ ፊት እንዲያጎነብሱ እነግራቸዋለሁ። ሾፌሩ ሊያግዘኝ ይወርዳል። ባዕድ ወንድ ነውና አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከዚያ በቀጥታ ብብታቸውን ሊይዝ ይሄዳል። የምጮኸው ይሄኔ ነው፤ የዛለ ክንድ ከተጎተተ ትከሻው ከቦታው ሊወልቅ ይችላል። ወገባቸው ላይ ያሰርኩትን ቀበቶ እንዲይዝ አሳየዋለሁ። ዊልቸሩን አጥፎ ከኋላ ይጭነዋል፤ ክዳኑ አልገጥም ካለው በገመድ ያስረዋል።

ማሽን ይተካዋል የሚባለው ይህ ሰው ነው። መንዳቱን ይተካው ይሆናል። መንዳት ግን ለእኛ ከሥራው ሁሉ ትንሹ ነው።

ሾፌር አልባ ሆኖ ዊልቸር የሚገባበት መኪና መሥራት አይቻልም ማለቴ አይደለም። የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ የነበረው ክሩዝ በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ሰው ከነዊልቸሩ የሚሳፈርበት ሞዴል አሳይቶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የመኪናው ምርት ቀረ፤ በታኅሣሥ 2024 ጄኔራል ሞተርስ ለሮቦት ታክሲ የሚያወጣውን ገንዘብ ጨርሶ አቆመ። ለንደን ግን ሮቦት አልጠበቀችም። ከ2000 ጀምሮ ጥቁሮቹ ታክሲዎች ሁሉ ዊልቸር የሚያስገቡ እንዲሆኑ አስገድዳለች፤ መሪውን የሚይዘው ዛሬም ሰው ነው።

ዮርዳኖስም በ2017 የወጣ የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ፣ ቁጥር 20፣ አላት። በ2021 ሥራ የጀመረውና በ2024 እስከ ዘርቃ የደረሰው ፈጣን አውቶቡስ የራሱ መስመር ስላለው ከትራፊክ ጋር አይጋፋም፤ እኔም እወደዋለሁ። ችግሩ ሃጃን ከቤት አውጥቶ ጣቢያው ድረስ ማድረሱ ላይ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ የታክሲ ፈቃድ ለሚሰጡ ነው፤ አማን ላይም፣ አዲስ አበባ ላይም። አዲስ መኪና ሲቀርብላችሁ ማን እንደሚነዳው ከመጠየቃችሁ በፊት መወጣጫውን ዘርግቶ እንዲያሳያችሁ፣ ዊልቸሩን የሚያስርበትን ቀበቶ እንዲያወጣ ያቀረበውን ሰው እዘዙት። ከሌለው ፈቃዱን አትስጡት።