ሰንጠረዥና ወረራው

በየተራ ከሚካሄዱ የውጊያ ጨዋታዎች መካከል፣ ከውጊያው በፊት ለሚደረገው ዝግጅት የኛን ባህላዊ ቼዝ፣ ሰንጠረዥን ያህል ክብር የሰጠ አላውቅም። እዚህ ዋግ፣ ሰቆጣ ውስጥ ማታ ማታ ስልካቸው ላይ ያጎነበሱ ልጆችን ጠጋ ብሎ ላየ ሰው፣ ጊዜያቸውን የሚወስደው ፍልሚያው አይደለም። ለጀግናቸው ሰይፍ ይመርጣሉ፤ ጥሩሩን አውልቀው ሌላ ያለብሱታል፤ አንዱን ችሎታ ከሌላው ጋር ያጣምራሉ፤ አልጥም ሲላቸው ደግሞ ሁሉንም አፍርሰው እንደገና ይጀምራሉ። ከሰሃላ ለትምህርት የመጣ አንድ የጎረቤቴ ልጅ በአንድ ወቅት የመሣሪያ መምረጫውን ገጽ አሳየኝና «ጋሼ፣ ጦርነቱ የሚያልቀው እኮ እዚህ ጋ ነው» አለኝ። ልክ ነው። እሱ የማያውቀው፣ አያቶቻችን ይህንኑ ነገር የጨዋታቸው ሕግ አድርገው «ወረራ» የሚል ስም እንደሰጡት ነው።

ስለ ጠጠሮቹ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ቼዝ የሚችል ሰው ባንድ ከሰዓት ይለምዳቸዋል። ሜዳው 64 ቤት ነው፤ ለየወገኑ 16 ጠጠር አለ። ንጉሡ በየአቅጣጫው አንድ ቤት ይራመዳል፤ ደር በቀጥታ እስከፈለገው ይጓዛል፤ ፈረስ ያው የምናውቀው ፈረስ ነው። ፈርዝ ከንጉሡ አጠገብ የሚቆም ቢሆንም እንደ ቼዟ ንግሥት አይደለም፤ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። ፊል በሰያፍ፣ መሀል ላይ ጠጠር ቢኖርም ባይኖርም ዘሎ ሁለተኛው ቤት ላይ ያርፋል። መደቅ አንድ አንድ ቤት ወደፊት እየተራመደ በሰያፍ ይበላል፤ በመጀመሪያ እርምጃው ሁለት ቤት መሄድ የለም።

ቁም ነገሩ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ሰንጠረዥ ሲጀመር ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ፣ በአንድ ጊዜ፣ የፈለጉትን ያህል ጠጠር ያንቀሳቅሳሉ። ከሁለት አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ እንዲህ ይቀጥላል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲነሳ ወረራው አበቃ፤ ከዚያ ወዲያ ጨዋታው በየተራ ይሆናል።

ይህን የሰማ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት ስህተት ይሠራል፤ ወረራ የእጅ ፍጥነት ውድድር ይመስለዋል። ሜዳው እንደተዘረጋ ሁለት እጁን አስገብቶ ጠጠሮቹን ወደፊት መግፋት ይጀምራል፣ ሌላው ሳይነቃ ብዙ የተራመደ የሚያሸንፍ ይመስል። ቼዝ የለመዱ ሰዎች ደግሞ በሌላ በኩል ይስታሉ፤ «ተራ የሌለው ጨዋታ ጨዋታ አይደለም፣ ሥርዓት አልባ ነው» ብለው ይንቁታል። ሁለቱም ነገሩን ረጋ ብለው አላዩትም።

እስቲ እናስበው። በወረራው ውስጥ ሳለን ማንም ማንንም አልበላም፤ ከበላማ ወረራው አልቋል። ታዲያ አሥር ጊዜ ያንቀሳቀሰው አራት ጊዜ ካንቀሳቀሰው በምን ይበልጣል? ወደፊት በገፋ ቁጥር ጠጠሮቹን ወደ ሌላው መደቆች አፍ ያስጠጋቸዋል። በራሱ ግማሽ ሜዳ ውስጥ ከቀረ ደግሞ ቦታው የተወሰነ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚያስበውም ሰው እዚያው አሰላለፍ ላይ መድረሱ አይቀርም። ፈጣኑ የሚያገኘው አንድ ነገር ቢኖር፣ ተጋጣሚው ያለ ጠባቂ የተወውን ጠጠር ቀድሞ መብላት ነው። ያ ደግሞ የሌላው ቸልተኝነት ነው እንጂ የእሱ ፍጥነት አይደለም። ጠባቂ ያለው ጠጠር ከተበላ ተበዪው ወዲያው መልሶ ይበላል፤ ወረራው ካበቃ ቀጣዩ ተራ የእሱ ነውና። ስለዚህ በወረራ ጊዜ ስንት ጊዜ እንዳንቀሳቀሱ መቁጠር ከንቱ ነው። የሚቆጠረው ያለ ጠባቂ የቀረው ጠጠር ነው።

በወረራ የሚሠራው ዓይን ነው። ተጋጣሚዬ ፈረሶቹን ወደ አንድ ክንፍ ሲሰበስብ ካየሁ፣ ፈረሶቹ ሊያርፉባቸው የሚችሉትን ቤቶች በመደቆቼ አስጠብቃለሁ። መደቆቼን ሳደራጅ ያየኝ እንደሆነ ደግሞ እሱ ሐሳቡን ይቀይርና ፈረሶቹን ይመልሳል። የድሮ ተጫዋቾች የተጋጣሚያቸውን እጅ እየተከታተሉ፣ ያወጡትን ጠጠር ወደነበረበት መልሰው ሌላ ያወጡ እንደነበር ተጽፏል። ይህ በቼዝ ነውር ነው፤ በወረራ ግን የጨዋታው ዋና አካል ነው። ከሰሃላ የመጣው ልጅ በስልኩ ላይ የጠላቱን ዓይነት አይቶ ጥሩር የሚቀይረው በዚሁ ምክንያት ነው። ልዩነቱ፣ በስልኩ ጠላቱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፤ በሰንጠረዥ ግን ጠላቱም እሱን እያየ በዚያው ሰዓት ይለብሳል።

ጥሩ አሰላለፍ የሚባለው የትኛው ነው? ብዙ ሰው ደሩንና ፈረሱን ወደ መሀል በማውጣት ይጀምራል፤ ኃይለኞቹ እነሱ ናቸውና። እኔ የምመክረው በተቃራኒው ከደካሞቹ እንዲጀመር ነው። የዋግን ተራራ በድንጋይ እርከን የሚያስር ገበሬ ትልልቁን ድንጋይ ማንም ሊያስቀምጠው እንደሚችል ያውቃል፤ ካቡን የሚይዘው በመሀል የሚሸጎጠው ትንሹ ነው። ደር ባዶ መስመር ካገኘ ሥራውን ራሱ ያገኛል። ፊልና ፈርዝ ግን ቦታቸው ታስቦ ካልተሰጣቸው ጨዋታው እስኪያልቅ ሥራ ፈትተው ይቆማሉ።

ፊልን በደንብ እንየው፤ ከጠጠሮቹ ሁሉ እንደ እሱ የምወደው የለም። ሁልጊዜ ሁለት ቤት በሰያፍ ስለሚዘል፣ ከ64ቱ ቤቶች በዕድሜው ሁሉ ሊረግጥ የሚችለው 8 ብቻ ነው። ወረቀት ላይ ነጥብ እያደረጋችሁ ብትከተሉት ታገኙታላችሁ። የሁለቱም ወገን አራት ፊሎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው 8 ቤት አላቸው፤ አንዱ የሌላውን አይነካም። ስለዚህ ፊል ፊልን በልቶ አያውቅም፤ ሊበላውም አይችልም። ይህን ያወቀ ሰው ወረራው ላይ ትልቅ ነገር ያገኛል። የኔ ፊል የሚደርስበትን ቤት የተጋጣሚዬ ፊል ከቶ አይጠብቀውም፤ የሱ ፊል የሚያስፈራበትን ቤት የኔ ፊል ሊያድንልኝ አይችልም፤ ለዚያ መደቅ ወይም ፈረስ ማዘጋጀት አለብኝ።

የፈርዝ ነገር ደግሞ የተለየ ነው። ንጉሡ ከመሀሉ መስመር በስተቀኝ፣ ፈርዙ በስተግራ ይቆማሉ። ለሁለቱም ተጫዋቾች እንዲህ ስለሆነ የአንዱ ንጉሥ ከሌላው ፈርዝ ፊት ለፊት ይውላል። እንደ ቼዝ ንጉሥ ከንጉሥ ትይዩ ቢቆም ኖሮ ሁለቱ ፈርዞች አንድም ቤት የጋራ አይኖራቸውም ነበር። በኛ አደራደር ግን ሁለቱም የሚረግጡት እነዚያኑ 32 ቤቶች ነው፤ ይገናኛሉ፣ ይበላላሉም። አንዲት የአቋቋም ለውጥ የጦርነቱን መልክ እንዲህ ቀይራዋለች። ፈርዙን በመደቆች ሰንሰለት ጀርባ አስጠግቶ የሚያሳድግ ሰው፣ የሌላው ፈርዝ የት እንዳለ ሳያይ አንድ እርምጃ ባያራምደው ይሻለዋል።

ችግሩ የሰንጠረዥ ሜዳ ጥቁርና ነጭ ቤት የሌለው መሆኑ ነው። ቀይ ጨርቅ ላይ በጥቁር ወይም በሰማያዊ ጥብጣብ መስመር ተሰምሮ ይዘረጋል፤ ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። የፈርዙን መንገድ ዓይን ራሱ መለየት አለበት። ለጀማሪ የምሰጠው ምክር መጀመሪያ በቼዝ ሰሌዳ ላይ እንዲለማመድ ነው፤ ፈርዝም ፊልም ከተነሱበት ቀለም አይወጡምና መንገዳቸው ቶሎ ዓይን ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወደ ጨርቁ መሄድ ነው።

ያን የሰሃላ ልጅ በጨርቁ ላይ ገጥሜዋለሁ። የዳር መደቁን ገፋና ደሩን ከኋላው አወጣ፤ ወደ ጎን አንድ ቤት አሳልፎ ቁልቁል ወደኔ ሜዳ ወረወረው። ከኔ ቤት ሲቆጠር አምስተኛው ረድፍ ላይ ቆመ። የዳር ፈረሴ ፊት ያለው መደቅ በደሩ ቀጥታ መስመር ላይ ወደቀ፤ ልጁ እጁን አጣምሮ ወደ ኋላ ተደገፈ። የመደቆቼን ሰያፍ አንድ በአንድ አይቶ አንዳቸውም ደሩን እንደማይነኩት አረጋግጧል። ያላየው ከመሀለኛው መደቄ ጀርባ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ቀደም ብዬ ያስቀመጥኩትን ፊል ነው። ከዚያ ቤት በሰያፍ ሁለተኛው ቤት ደሩ የቆመበት ነበር። ፊሉን አንስቼ ደሩን በላሁ፤ ወረራውም እዚያው ላይ አበቃ። «ጋሼ፣ እሱ ከኋላ ነበር እኮ!» አለኝ። አዎ፣ ፊል ከኋላ ሆኖ ነው የሚሠራው። በቀጣዩ ጨዋታ ከሁሉ በፊት የነካው የራሱን ፊል ነበር፤ የሚደርስባቸውን ቤቶች በጣቱ እየነካ ሲቆጥር አየሁት።

ደካሞቹን በጥንቃቄ ማሰለፍ ሌላም ምክንያት አለው። በሰንጠረዥ ማሸነፍ ብቻውን አይበቃም፤ በምን እንዳሸነፉ ይታያል። ንጉሥን በደር ወይም በፈረስ መያዝ እንደ ተራ ነገር ይቆጠራል። በፊልና በፈርዝ የያዘ ይመሰገናል፤ መደቅን ጨምሮ በደካሞቹ ትብብር የያዘ ደግሞ ስሙ ይነሳል። እንግዲህ ወረራው ላይ ፊሎቹን ለእሳት የጣለ ሰው ምስጋናውን ገና ከመጀመሪያው ጥሎታል። ሠራዊቱ ያለቀበትን፣ ብቻውን የቀረን ንጉሥ መያዝም አይፈቀድም፤ ስለዚህ የተጋጣሚን ጠጠር እየለቀሙ መጨረስ አያዋጣም። ቼዝ የለመዱ ሰዎች ይህን ረስተው ሁሉንም ከበሉ በኋላ «አሸነፍኩ» ሲሉ እሰማለሁ። አላሸነፉም። ሕጉን ሳያነቡ የሚጀምሩ ሰዎች ጨዋታውን ሳይሆን ጥላውን ነው የሚጫወቱት።

ጨዋታው የቆየ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አፄ ልብነ ድንግል ቢቺኒ ከሚባል የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር በዘመኑ የተጻፈ አለ። እቴጌ ጣይቱም የሰንጠረዥ ተጫዋች ነበሩ። ለኛ ለዋጎች የሚቀርበው ምስክር ግን ከእንደርታ የመጣው ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሳልት በ1805 እ.ኤ.አ. አንታሎ፣ የትግራዩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ደርሶ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቷል። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅና ሻካራ ነበሩ፤ ሲበሉም በኃይል መትተው ያነሷቸው ነበር። መደቁ ጫፍ ቢደርስም ሹመት እንደማያገኝም ጽፏል። አዲስ አበባ ላይ የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት እነዚህን የተበታተኑ ምስክሮች ሰብስቦ በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ታሪኩና ስለ ሕጉ ሰፊ ጽሑፍ አሳተመ፤ ዛሬ ጨዋታውን መልሶ ማቆም የምንችለው በዋናነት በዚያ ሥራ ነው። ከ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ በኋላ መኳንንቱ ሲበተኑ ሰንጠረዥም አብሮ ተዳፈነ። ገበጣ በየመንደሩ ጉድጓድ ቆፍሮ ሲተርፍ፣ በትልልቅ ቤቶች ይኖር የነበረው ሰንጠረዥ መጠለያ አጣ።

ለመጀመር ብዙ ወጪ የለውም። ቀይ ጨርቅ፣ ጥቁር ጥብጣብና የቼዝ ጠጠር ይበቃል፤ ንግሥቲቱን ፈርዝ፣ ጳጳሱን ፊል ማድረግ ነው። ይህን ስታደርጉ ግን እጃችሁ ከቼዝ ልማዱ እንዲወጣ ተጠንቀቁ፤ ፊሉን በረጅሙ ሰያፍ የሚያንሸራትት ሰው ብዙ አይቻለሁ፣ ያን ጊዜ ጨዋታው እንዳለ ይፈርሳል።

ተመልካችን በተመለከተ የሳልት ምስክርነት ግልጽ ነው። በራስ ወልደ ሥላሴ ቤት ዙሪያውን የቆመ ሁሉ፣ አገልጋዩ ሳይቀር፣ ሐሳብ ይሰጥ፣ ጠጠር እያነሳም የተሻለውን ያሳይ ነበር። እኔ ጋ ሲጫወቱ ይህን የምፈቅደው በወረራው ጊዜ ብቻ ነው፤ አሰላለፍ ሲሠራ ብዙ ዓይን ይጠቅማልና። የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ግን ተመልካቹ ዝም ይላል፤ ጠጠርም አይነካም። ከዚያ በኋላ ያለው የሁለቱ ሰዎች ሒሳብ ነው።