ከገጹ በስተጀርባ የሚላክ ጥያቄ፦ ሰርቨር በምን ይለየዋል?

በሮም ከተማ የተከበበው የቫቲካን ቤተ መጻሕፍት በዲጂታል ምስል ካቀረባቸው ጥንታውያን ጽሑፎች መካከል በግዕዝ የተጻፉ የብራና መጻሕፍት ይገኙበታል። በጎንደርም ሆነ በዋሽንግተን ያለ አንባቢ አንዱን ቅጠል ከፍቶ ፊደሉን ሲያጎላ ገጹ እንደ አዲስ አይከፈትም፤ ብራውዘሩ ከበስተጀርባ ጥያቄ እየላከ የሚያስፈልገውን ክፍል ብቻ ያመጣል። ገጹን ሳያቋርጥ በኮድ የሚላክ ጥያቄ እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ «ኤጃክስ» በሚል ስም ይታወቃል።

ችግሩ የሚነሣው በሰርቨሩ በኩል ነው። ገጹን ለከፈተ ሰው ሙሉውን ገጽ፣ ለኮዱ ግን ጥሬ መረጃውን ብቻ መመለስ ቢፈለግ ሁለቱ በምን ይለያሉ?

የቆየው ልማድ በጥያቄው ራስጌ፣ ማለትም እንደ ደብዳቤ አድራሻ ከመልእክቱ ጋር በሚጓዘው መግለጫ፣ «ኤክስ-ሪኩዌስትድ-ዊዝ» የሚል መስመር መፈለግ ነው። ጄኳሪ የተባለው የኮድ ስብስብ ለራሱ ድረ ገጽ በሚልከው ጥያቄ ላይ ይህን መስመር ያክላል። በዘመናዊ ብራውዘሮች ውስጥ ያለው «ፌች» ግን በራሱ አያክለውም። በዚህም ምክንያት ጃንጎ የተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ በዚህ ምልክት ላይ የተመሠረተውን መለያውን እ.ኤ.አ. በ2020 እንደማይመከር አስታውቆ በ2021 አስወግዶታል።

ምልክቱን በእጅ ማከልም ዋጋ አለው። ጥያቄው ወደ ሌላ ድረ ገጽ የሚሄድ ከሆነ ብራውዘሩ አስቀድሞ የፈቃድ ጥያቄ ይልካል። መስመሩ ዘገምተኛ ለሆነበት አንባቢ ይህ ተጨማሪ ምልልስ ነው፤ ፈቃድ ካልተገኘም ዋናው ጥያቄ ከነጭራሹ አይላክም።

የቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የሚጠቀምበት «ትሪፕል አይ ኤፍ» የተሰኘው ዓለም አቀፍ የምስል መለዋወጫ ደንብ ሌላ መንገድ ያሳያል። በዚህ ደንብ የምስሉ የትኛው ክፍል፣ በምን ያህል መጠን እንደተፈለገ አድራሻው ራሱ ይናገራል። ሰርቨሩ የጠያቂውን ማንነት ሳይገምት የተጠየቀውን ይሰጣል።

አንድ አድራሻ ሁለት ዓይነት መልስ እንዲሰጥ ግድ ከሆነ፣ ጠያቂው የሚፈልገውን ዓይነት «አክሴፕት» በተባለው ራስጌ ይግለጽ። ሰርቨሩም መልሱ በዚህ ራስጌ እንደሚለያይ «ቬሪ» በተባለው ራስጌ ያስታውቅ። ይህ ካልተደረገ ተጠቃሚው ወደ ኋላ ሲመለስ በገጹ ፈንታ ጥሬ መረጃ ሊያይ ይችላል።

ማንኛውንም ራስጌ ላኪው እንደ ፈለገ ሊጽፈው ስለሚችል፣ እንዲህ ያለው ምልክት የመልሱን ቅርጽ ለመምረጥ እንጂ ፈቃድ ለመስጠት ወይም ለመከልከል ብቻውን መዋል የለበትም።