የዓሣ ገንዳና የአትክልት መደብ በአንድ ውሃ
የቧንቧውና የማጣሪያው አሠራር

ዓሣን በጓሮ ገንዳ ለማርባት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ዓሣው ዘርና ስለ ምግቡ ነው። ይሁን እንጂ በገንዳ ውስጥ ዓሣ ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው በረኃብ ሳይሆን ራሱ በሚጥለው ቆሻሻ በተመረዘ ውሃና በአየር እጦት ነው። ይህም ጥፋት በአንድ ሌሊት ሊደርስ ይችላል፤ የወራት ድካምና የወጣው ገንዘብ ሁሉ ጠዋት በውሃው ላይ ተንሳፍፎ ይገኛል። ስለዚህ 2,000 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ውሃውን በጠጠር መደብ እያጣራ፣ በመደቡም ላይ አትክልት እያበቀለ፣ ያንኑ ውሃ መልሶ የሚጠቀምበትን አሠራር ከዚህ በታች እንገልጽላችኋለን።

ማጣሪያው ምን ይሠራል?

ማጣሪያ ሲባል እንደ ጠላ ማጥለያ ጉድፍን የሚያስቀር ነገር ብቻ ይመስለናል። የዓሣ ገንዳ ማጣሪያ ግን ሁለት ሥራ አለበት። የመጀመሪያው ኩስንና የምግብ ትራፊን ማስቀረት ነው። ሁለተኛውና ዋናው በዓይን የማይታየውን መርዝ መለወጥ ነው። ዓሣ አሞኒያ የተባለ መርዝ ወደ ውሃው ያስወጣል። በጠጠሩ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎች ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይትም ራሱ ለዓሣ መርዝ ነው፤ ናይትሬት ግን ብዙም አይጎዳውም፤ ለአትክልት ደግሞ ምግብ ነው።

እንግዲህ የገንዳው ባለቤት የሚያረባው ዓሣን ብቻ ሳይሆን እነዚህን ባክቴሪያዎችም ጭምር መሆኑን ማወቅ አለበት። እነሱም የሚፈልጉት የሚጣበቁበት ቦታ፣ እርጥበትና አየር ነው። የቧንቧው ሥራ ሁሉ ይህን ሳያቋርጥ ለማቅረብ ነው።

አሠራሩ

ተዳፋት ቦታ ምረጡ። ገንዳው ከላይ፣ በርሜሉ ቀጥሎ፣ መደቦቹ ከበርሜሉ ዝቅ ብለው፣ የውሃ መሰብሰቢያው ጉድጓድ ከሁሉ በታች ይሁን። እንዲህ ከሆነ ውሃው በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ ፓምፕ የሚያስፈልገው አንድ ጊዜ ወደ ላይ ለመመለስ ብቻ ነው።

1ኛ፤ ገንዳው። የውስጡ ርዝመት 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ25፣ የውሃው ጥልቀት 80 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የመውጫው ቧንቧ ውፍረት 50 ሚሊ ሜትር ሆኖ፣ አፉ ከወለሉ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይጀምርና ሽቅብ ወጥቶ በውሃው ወለል ልክ ግድግዳውን ይሻገር። ኩስ ከታች ስለሚተኛ ውሃው ከታች መሳብ አለበት። በቧንቧው የላይኛ ማጠፊያ ላይ ትንሽ የአየር ቀዳዳ ብሱ፤ ይህ ካልተደረገ ቧንቧው ውሃውን ስቦ ገንዳውን ሊያደርቀው ይችላል። አፉንም በወንፊት ሸፍኑ።

2ኛ፤ የማዝቀጫው በርሜል። 200 ሊትር የሚይዝ ንጹሕ በርሜል ይበቃል። ውሃው በጎን እየታከከ እንዲገባና እንዲዞር አድርጉት፤ ኩሱ ከመካከል ይዘቅጣል፤ የጠራው ከላይ በኩል ይወጣል። ከበርሜሉ ሥር መክፈቻ አብጁና በየቀኑ ዝቃጩን አውጡ። ይህ ዝቃጭ ለፍራፍሬ ዛፍ ጥሩ ማዳበሪያ ነው።

3ኛ፤ የጠጠር መደብ። እያንዳንዱ 2 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ሁለት መደብ ሥሩ። ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር የሆነ የታጠበ ጠጠር 30 ሳንቲ ሜትር ሙሉበት። ለመንገድ የሚነጠፈው ቀዳዳማ ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቀላልና ለባክቴሪያ ምቹ ነው። በጠጠሩ ላይ የሎሚ ጭማቂ ጠብ አድርጉ፤ አረፋ ካወጣ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ተዉት። በመደቡ ውስጥ 25 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የመውረጃ ቧንቧ አቁሙ፤ ዙሪያውንም ጠጠር እንዳይገባበት በተበሳሳ ሰፊ ቧንቧ ክበቡት። በመውረጃው ሥር 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይኑር፤ ፓምፑ ሲቆም መደቡ ቀስ ብሎ ይፈስና ባክቴሪያዎቹ አየር ያገኛሉ። ላይኛው 5 ሳንቲ ሜትር ጠጠር ሁልጊዜ ደረቅ ይሁን።

4ኛ፤ መሰብሰቢያውና ፓምፑ። ፓምፑ ሲቆም ከሁለቱ መደቦች ወደ 400 ሊትር ውሃ ስለሚወርድ፣ ጉድጓዱ ከ600 ሊትር ያላነሰ ይሁን። ፓምፑን በዓሣው ገንዳ ውስጥ ፈጽሞ አታስቀምጡ፤ ቧንቧ ቢፈነዳ የሚደርቀው ጉድጓዱ እንጂ ዓሣው ያለበት ገንዳ መሆን የለበትም። የመመለሻው ቧንቧ 25 ሚሊ ሜትር ሆኖ አፉ ከገንዳው ውሃ በላይ ይቅር፤ ውሃው እየተንፎለፎለ ሲወድቅ አየር ይዞ ይገባል።

የውሃውን መጠን መለካት

በሰዓት 1,000 ሊትር ይበቃል፤ ውሃው ሁሉ በ2 ሰዓት አንድ ጊዜ ይዞራል። በፓምፑ ካርቶን ላይ በተጻፈው አትመኑ፤ ከፍታው ኃይሉን ይቀንሰዋልና። ከመመለሻው አፍ ሥር 20 ሊትር ጀሪካን ያዙ፤ በ72 ሴኮንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ከሞላ በቂ ነው።

ዓሣ ስለ ማስገባት

ገንዳው በተሠራ ማግሥት 40 ዓሣ የሚጨምር ሰው ባክቴሪያው ሳይራባ መርዙን ያበዛል። ባክቴሪያው እስኪጠና ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በመጀመሪያ 10 የቆሮሶ ጫጩት ብቻ አስገቡ፤ ምግቡንም አሳንሱ። ሰላጣና ቆስጣ ወዲያው ትከሉ። የልማት ሠራተኛው በመመርመሪያ ለክቶ አሞኒያውና ናይትራይቱ እንደጠፉ ሲያረጋግጥ ወደ 40 ከፍ አድርጉ። ዓሣው ሲያድግም ምግቡ በቀን ከ200 ግራም አይለፍ። ቆሮሶ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ስለሚወድ ሥራው ለቆላና ለሞቃት ወይና ደጋ ይስማማል።

ፓምፑ ሲቆም

መብራት ከጠፋ ወዲያው ምግብ አቁሙ። ዓሣው ከውሃው ወለል ላይ አፉን እየከፈተ ከታየ አየር አጥሮታል ማለት ነው፤ በባልዲ ከገንዳው እየቀዳችሁ ከከፍታ መልሳችሁ አፍስሱ። በፀሐይ ኃይል ብቻ የሚሠራ ፓምፕ ሌሊት ስለሚቆም ባትሪ ይኑረው፤ ከሌለው የዓሣውን ቁጥር በጣም አሳንሱ።

በመደቡ አትክልት ላይ የተባይ መድኃኒት አትርጩ፤ መደቡ ላይ የወደቀው ሁሉ ወደ ዓሣው ይደርሳል። ጠጠሩንም በሳሙና አትጠቡ። ማለዳ ማለዳ ሦስት ነገር ተመልከቱ፤ ውሃው ይወርዳልን? በርሜሉ ዝቃጩን አራግፏልን? ዓሣው ምግቡን ፈጥኖ ይበላልን? ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ምክንያቱን ሳታገኙ ምግብ አትጨምሩ።